የቆየ መኪና የፍጥነት መለኪያ ብልሽት፣ ጥገናና ቅያሬ፦ በአዊ ዞን ለሚገኙ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

ይህ ማብራሪያ የቆዩ መኪኖች ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች የፍጥነት መለኪያ ብልሽት ሲያጋጥማቸው ችግሩን እንዴት እንደሚለዩ፣ የትኛውን ክፍል እንደሚያስጠግኑና የትኛውን እንደሚተኩ፣ እንዲሁም ለውጡን በሰነድ እንዴት እንደሚይዙ ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን መንገዶች ሲሆን፣ አሠራሩ ግን በየትኛውም የአገራችን ክፍል ያገለግላል።

እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በአካባቢው ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት የተሠሩ መኪኖች ዛሬም ከአገልግሎት አልወጡም። ላንድሮቨር፣ የቀድሞ ሞዴል ቶዮታ ላንድ ክሩዘር፣ ፔጆ 404፣ ቮልስዋገንና መሰል መኪኖች ከባለንብረት ወደ ባለንብረት፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፉ ይነዳሉ። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት በአገልግሎት ላይ ቆይተው ወደ አገር በሚገቡ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ የሚከፈል በመሆኑ፣ ብዙ ባለንብረቶች ያላቸውን መኪና ጠግነው ማቆየትን ይመርጣሉ። ምርጫው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩና ፍሬኑ በየጊዜው እየታዩ የፍጥነት መለኪያው ለዓመታት ቆሞ ሲቀር ማየት የተለመደ ሆኗል።

ጉዳዩ ትኩረት የሚሻበት ምክንያት

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ዋና መንገድ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ዳንግላን አቋርጦ ያልፋል፤ ከእንጅባራ ደግሞ ወደ ቻግኒ የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። በዚህ መስመር ፈረስና ጋሪ፣ ወደ ገበያ የሚነዳ ከብት፣ ተማሪ፣ ባጃጅ እንዲሁም ከዲከረንስ ዛፍ የተመረተ ከሰል የጫነ አይሱዙ አንዱን አስፋልት ይጋራሉ። በክረምት ወራት ዝናብና ጉም ይጨመርበታል። የአገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት በጥር 23 ሰሞን ደግሞ ወደ እንጅባራ የሚተመው ፈረሰኛና እግረኛ ከወትሮው የበለጠ ጥንቃቄን ይጠይቃል።

የረጅም ጊዜ ልምድ ያላቸው አንዳንድ አሽከርካሪዎች ፍጥነታቸውን በሞተሩ ድምፅና በገባው ማርሽ እንደሚያውቁ ይናገራሉ። በከተማ ውስጥ አባባሉ ከእውነት የራቀ ላይሆን ይችላል። በረጅምና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ለረጅም ጊዜ ከተነዳ በኋላ ግን ዓይንና ጆሮ ፍጥነቱን ይለምዱታል፤ ወደ ከተማ መግቢያ ሲደረስ መኪናው ከእውነተኛ ፍጥነቱ በጣም ዝግ ብሎ የሚሄድ ይመስላል። መለኪያ የሚያስፈልገው በዋናነት ለዚህች ቅጽበት ነው።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከ22 ሜትር በላይ ይሄዳል። አሽከርካሪው ከብት ወይም ሕፃን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዞር ድረስ ይህ ርቀት አልቋል። ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል የሚያድገው ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም። ፍጥነት ከ60 ወደ 80 ሲያድግ ኃይሉ በአንድ ሦስተኛ ብቻ ሳይወሰን ወደ 80 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አራቱም ጎማዎች ላይ የታምቡር ፍሬን ያለው አሮጌ መኪና ቁልቁለት ላይ ሲደጋገምበት ፍሬኑ እየጋለ ኃይሉ የሚቀንስ በመሆኑ፣ የአሥር ኪሎ ሜትር ስህተት እንኳ ቀላል ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

በዚህ ረገድ ባለንብረቶች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ጨርሶ የቆመ መለኪያ አሽከርካሪውን ጥንቁቅ ያደርገዋል፤ እየሠራ የተሳሳተ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ግን ያዘናጋዋል። ከሌላ መኪና የተነቀለ መለኪያ እንደነገሩ ገጥሞ ቀስቱ ስለተንቀሳቀሰ ብቻ ሥራው ተጠናቀቀ ማለት፣ ከቀድሞው ብልሽት የባሰ አደጋ መፍጠር ሊሆን ይችላል።

የመለኪያው አሠራር

በቆዩ መኪኖች ላይ የሚገኘው የፍጥነት መለኪያ ኤሌክትሪክ የሚያስፈልገው ለመብራቱ ብቻ ነው። አሠራሩ ጀርመናዊው ኦቶ ሹልትዘ እ.ኤ.አ. በ1902 የባለቤትነት መብት ባገኘበት መርህ ላይ የተመሠረተ ነው። ከካምቢዮው ወይም ከጎማው የሚነሳ፣ በሽፋን ውስጥ የሚሽከረከር ሽቦ (በጋራዥ አጠራር ካቮ) ከመለኪያው ጀርባ የሚገኘውን ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ የሚዞረው ከአሉሚኒየም በተሠራ አነስተኛ ስኒ መሰል ክፍል ውስጥ ሲሆን ሁለቱ አይነካኩም። ማግኔቱ ሲዞር ስኒውን አብሮት ለማዞር ይጎትተዋል፤ ስስ ጠመዝማዛ ሞላ ደግሞ ስኒውን ወደ ዜሮ ይመልሳል። ጠቋሚው ቀስት የሚቆመው የሁለቱ ጉልበት እኩል በሚሆንበት ቦታ ላይ ነው።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪው በዚያው ሽቦ የሚሠራ ቢሆንም የራሱ መንገድ አለው፤ የሚዞረው ትንንሽ ጥርሶችን ተከትሎ ነው። ቀስቱና ቆጣሪው አንድ ምንጭ ኖሯቸው መንገዳቸው የተለያየ መሆኑ ለባለንብረቱ እጅግ ጠቃሚ ነው። መኪናው ሳይፈታ ብልሽቱ የት እንዳለ ለመገመት የሚያስችለው ይኸው ነው።

ብልሽቱን መለየት

ቀስቱም ቆጣሪው በአንድነት ከቆሙ ችግሩ ያለው ሽቦው ላይ ወይም ሽቦውን በሚያዞረው ጥርስ ላይ ነው፤ መለኪያው ራሱ ደህና የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ቆጣሪው እየቆጠረ ቀስቱ ብቻ ከቆመ ሽቦው ይሠራል ማለት ስለሆነ ብልሽቱ በመለኪያው ውስጥ ነው። ቀስቱ እየሠራ ቆጣሪው ብቻ ከቆመ ከትንንሾቹ ጥርሶች አንዱ ተሰብሯል ወይም ተበልቷል። ቀስቱ መኪናው ቆሞም ወደ ዜሮ የማይመለስ ከሆነ ሞላው ደክሟል ወይም ቀስቱ ከቦታው ተንሸራቷል።

የቀስት መርገብገብ የተለየ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ግራሶው የደረቀ ወይም አንድ ቦታ ላይ ከመጠን በላይ የታጠፈ ሽቦ ነው። ሽቦው ጉልበት እያጠራቀመ ድንገት ስለሚለቅ ቀስቱ ይዘላል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው እንጅባራ፣ በብርዳማ ጠዋት ብቻ የሚታይና መኪናው ሲሞቅ የሚጠፋ መርገብገብ አብዛኛውን ጊዜ ከጠጠረ ግራሶ የሚመጣ ነው። ከፍታው በራሱ በመለኪያው ንባብ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ቀስቱ በድንገት ወደ መጨረሻው ቁጥር ሄዶ ከተጣበቀ ግራሶ ወይም ዘይት በሽቦው ላይ ወጥቶ ማግኔቱንና ስኒውን አጣብቋቸዋል ማለት ነው። ጠመዝማዛው ሽቦ ሲሽከረከር ዘይት ወደ ላይ የመሳብ ባሕርይ ስላለው፣ በካምቢዮው በኩል ያለው የዘይት መከላከያ ጎማ ሲያረጅ የካምቢዮ ዘይት እስከ ዳሽቦርዱ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ መለኪያውን ቀይሮ መከላከያ ጎማውን መተው አዲሱን ዕቃ በጥቂት ወራት ውስጥ ማበላሸት ነው።

ግምቱን ለማረጋገጥ የሚከተለው ቀላል ፍተሻ ይበቃል። ሽቦው ከመለኪያው ጀርባ ይፈታል። የሚያያዘው በእጅ በሚፈታ ዳዶ ስለሆነ በፒንሳ ኃይል መጠቀም አያስፈልግም፤ እጅግ ከጠበቀ ብቻ በጨርቅ ሸፍኖ በቀስታ ማላላት ይቻላል። ከዚያም ማርሹ ወጥቶ መኪናው ሜዳማ ቦታ ላይ ጥቂት ሜትሮች በዝግታ ይገፋል። የሽቦው ጫፍ ከዞረ ከካምቢዮው ጀምሮ እስከ ዳሽቦርዱ ያለው መንገድ ጤነኛ ነው። ካልዞረ ሽቦው ከታችኛው ጫፉም ተፈትቶ ይመዘዝ፤ ተበጥሶ ከሆነ ወዲያው ይታያል፤ ሙሉ ከሆነ ደግሞ የተበላው የካምቢዮው ጥርስ ነው። ለዚህ ፍተሻ መኪናውን በክሪክ ማንሳትም ሆነ በክሪክ ላይ እያለ ሞተር ማስነሳት አስፈላጊ አይደለም፤ አደገኛም ነው።

ስለ ቮልስዋገን አንድ ማሳሰቢያ መጨመር ይገባል። ሞተሩ ከኋላ በሆነው የቆየ ቮልስዋገን ሽቦው ከካምቢዮ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የሚነሳው ከፊት ግራ ጎማ ነው። በጎማው ኩሽኔታ ክዳን መሐል ወጥቶ በትንሽ ማያያዣ ይያዛል። ጎሚስታ ወይም መካኒክ የፊት ግራ ጎማውን ክዳን ማያያዣውን ሳያወጣ ከነቀለው ሽቦው ይጎዳል። መለኪያው ኩሽኔታ በተሠራ ማግስት መቆሙን ያስተዋለ ባለንብረት በቅድሚያ መመልከት ያለበት ይህን ስፍራ ነው።

ሽቦውን መቀየር

ሽቦው ብቻ የተበጠሰ ከሆነ ሥራው ቀላልና ወጪውም አነስተኛ ነው። አዲሱ ሽቦ ርዝመቱ ከአሮጌው ጋር እኩል፣ የጫፎቹም ቅርጽ ተመሳሳይ መሆን ይኖርበታል። የተበጠሰውን ሽቦ ሁለቱንም ቁራጮች ይዞ ወደ መለዋወጫ መደብር መሄድ ከማንኛውም ገለጻ ይሻላል። ሽቦው ሲዘረጋ በየትኛውም ቦታ በጠባቡ መታጠፍ የለበትም፤ የመታጠፊያው ግማሽ ክብ ከአንድ ስንዝር ያላነሰ ስፋት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ከጭስ ማውጫ ቱቦው መራቅና ሰውነቱን በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ጎማ ሊኖረው ይገባል።

ግራሶ በስስ ይቀባል። ወደ መለኪያው የሚገባው የላይኛው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ሆኖ ይተው። ከዚህ ሥራ ጋር በተያያዘ በብዛት የሚፈጸመው ጥፋት ግራሶ ማብዛት ነው፤ ጥንቃቄ መስሎ መለኪያውን የሚገድል ልማድ ነው።

መለኪያውን መጠገን ወይስ መተካት

ብልሽቱ በመለኪያው ውስጥ መሆኑ ከተረጋገጠ በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው ያንኑ መለኪያ ማስጠገን ነው። የተጣበቀ ስኒን ማጽዳት፣ ሞላን ማስተካከል፣ የተሰበረ የቆጣሪ ጥርስ መተካት የሰዓት ጥገና ዓይነት ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ቢሆንም የሚቻል ነው። የመኪናው የራሱ መለኪያ ልኩ ከካምቢዮውና ከጎማው ጋር የተስማማ ነው፤ ቆጣሪውም የመኪናውን ታሪክ እንደያዘ ይቀጥላል። ሌላ መለኪያ መፈለግ የሚገባው ይህ የማይቻል ሲሆን ብቻ ነው።

ለቆዩ መኪኖች ያገለገለ መለኪያ በአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ አካባቢ ከሚገኙ የመለዋወጫ ነጋዴዎች ዘንድ ሊገኝ ይችላል፤ ለእንጅባራና ለዳንግላ ነዋሪ ደግሞ ባሕር ዳር ቅርብ ናት። ከመግዛት በፊት ግን የመለኪያው ፊት በጥንቃቄ ይነበብ። በብዙዎቹ ላይ ከቀስቱ በታች በደቃቅ ጽሑፍ የተጻፈ ቁጥር አለ። ቁጥሩ መኪናው አንድ ኪሎ ሜትር (በእንግሊዝ ሥሪት ላይ አንድ ማይል) ሲሄድ ሽቦው ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበት ይናገራል። በጀርመን ሥሪት ላይ ይኸው ልክ በሜትር ተሰልቶ ሊጻፍ ይችላል። አሮጌው ላይ ያለው ቁጥርና አዲሱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ካልሆነ፣ መለኪያው ምንም ያህል ቢመሳሰል ለዚያ መኪና አልተሠራም።

ቁጥሩ የጠፋ ወይም ካምቢዮው ቀደም ሲል በሌላ የተተካ ከሆነ የመኪናውን ልክ በቦታው መለካት ይቻላል። ሽቦው ከመለኪያው ይፈታና በጫፉ ላይ እንደ ባንዲራ የሚታይ ቁራጭ ወረቀት ይለጠፋል። ሜዳማ ቦታ ላይ 20 ሜትር በሜትር ተለክቶ በሁለቱም ጫፍ ምልክት ይደረጋል። መኪናው ከምልክት እስከ ምልክት ሲገፋ ወረቀቱ የዞረበት ብዛት ይቆጠርና በ50 ይባዛል። ለምሳሌ 16 ጊዜ ከዞረ የመኪናው ልክ በኪሎ ሜትር 800 ነው። በዚህ መኪና ላይ 1000 የሚል መለኪያ ቢገጠም ንባቡ በአምስት አንድ ያንሳል፤ መኪናው በ60 ሲሄድ ቀስቱ 48 ያሳያል። አሽከርካሪው ሕግ አክባሪ መስሎት ሕግ የሚጥሰው እንዲህ ባለ ሁኔታ ነው።

በማይል የተሠራ መለኪያም እንዲሁ ጥንቃቄን ይሻል። የእንግሊዝ ሥሪት በሆኑ መኪኖች ላይ፣ በተለይም በላንድሮቨር፣ በማይል የሚያሳይ መለኪያ ሊያጋጥም ይችላል። 40 የሚለው ማይል 64 ኪሎ ሜትር ነው። የአገራችን የመንገድ ምልክቶች በሙሉ በኪሎ ሜትር የተጻፉ በመሆናቸው፣ እንዲህ ያለ መለኪያ በኪሎ ሜትር በሚያሳይ መለኪያ መተካት አለበት፤ ቢያንስ በፊቱ ላይ የኪሎ ሜትሩ ልክ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።

ከዚህ በተረፈ አገጣጠሙ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል፤ መለኪያው ከዳሽቦርዱ ከመውጣቱ በፊት የመብራት ሽቦዎቹ ቦታ በስልክ ካሜራ ፎቶ ይነሳል ወይም በወረቀት ይመዘገባል። ባለ 6 ቮልት የነበሩ የቀድሞ መኪኖች አምፖላቸው የተለየ ስለሆነ ከአዲሱ መለኪያ ጋር የመጣው አምፖል ቮልቱ ይታይ። አዲሱ ከመጥበቁ በፊት የሽቦው ጫፍ በቀዳዳው ውስጥ በትክክል መቀመጡን በእጅ መሞከር ያስፈልጋል፤ ሳይቀመጥ ዳዶው ከጠበቀ ሽቦው ይጣመማል።

በሌላ በኩል በሳተላይት የሚሠሩ ዘመናዊ የፍጥነት መለኪያዎች ገመድ ሳያስፈልጋቸው በአሮጌ መኪና ላይ ሊገጠሙ ይችላሉ። መፍትሔነታቸው የማይካድ ነው። በንግድ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚገጠመው የፍጥነት መገደቢያ ግን ከዚህ የተለየ መሣሪያ ነው፤ ፍጥነት ከተወሰነው ልክ እንዳያልፍ ያደርጋል እንጂ የፍጥነት መለኪያን አይተካም።

የጎማ ልክና የተሳሳተ ንባብ

መለኪያውም ሽቦውም ጤነኛ ሆነው ንባቡ የሚሳሳትበት ዋነኛ ምክንያት ጎማ ነው። መለኪያው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው፤ ጎማው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አያውቅም። ጠጠርና ጭቃ በሚበዛበት መንገድ የሚሠሩ ባለንብረቶች መኪናቸው ከፍ እንዲል ትልቅ ጎማ ያስገጥማሉ። በዚህ ጊዜ መኪናው በእያንዳንዱ ዙር ከቀድሞው የበለጠ ስለሚሄድ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል።

ስህተቱን ለማወቅ በጎማውና በመሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ተደርጎ ጎማው አንድ ሙሉ ዙር እንዲሄድ መኪናው ይገፋል፤ በመሬት ላይ ያለው ርቀት ይለካል። ለአብነት የቀድሞው ጎማ በአንድ ዙር 2.27 ሜትር፣ አዲሱ 2.50 ሜትር የሚሄድ ከሆነ ልዩነቱ 10 በመቶ ነው። ቀስቱ 60 ሲያሳይ መኪናው በ66 ይጓዛል፤ 80 ሲያሳይ 88 ይደርሳል። የተበላ አሮጌ ጎማ በተቃራኒው መለኪያው በጥቂቱ ከፍ አድርጎ እንዲያሳይ ያደርጋል፤ ይህ ለደኅንነት የሚያሰጋ አይደለም። በቆየ ቮልስዋገን ላይ ግን ንባቡን የሚወስነው የፊት ግራ ጎማ ብቻ መሆኑ አይዘነጋ፤ የኋላ ጎማዎች መለወጥ አይነካውም።

የዲፈረንሻል ለውጥም ተመሳሳይ ውጤት አለው። ሽቦው ከካምቢዮ በሚነሳበት መኪና ላይ በሌላ ጥርስ ብዛት የተሠራ ዲፈረንሻል ሲገጠም በካምቢዮውና በጎማው መካከል የነበረው ስምምነት ይፈርሳል። ልዩነቱ ከጎማ ልዩነት እጅግ የከበደ ሊሆን ስለሚችል ከእንዲህ ዓይነት ሥራ በኋላ መለኪያው ሳይፈተሽ መኪናው ለረጅም ጉዞ መውጣት የለበትም።

ከሥራው በኋላ ማረጋገጥ

ሽቦም ይቀየር መለኪያ፣ ሥራው የሚጠናቀቀው ንባቡ በመንገድ ላይ ሲረጋገጥ ነው። ቀላሉ ዘዴ ፍጥነት የሚያሳይ መተግበሪያ ያለው ስልክ ነው። ስልኩ ፍጥነትን የሚለካው ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት በመሆኑ የኢንተርኔት መስመር በሌለበትም ይሠራል። ስልኩን የሚመለከተው ከአሽከርካሪው ጎን የተቀመጠ ሰው መሆን አለበት፤ እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ ይዞ መጠቀም የተከለከለ ነው። ፍጥነቱ ቢያንስ ለአሥር ሰከንድ ሳይለዋወጥ ይያዝና በ30፣ በ50ና በ70 ያሉት ንባቦች በወረቀት ይጻፉ።

ስልክ ከሌለ የእጅ ሰዓት ይበቃል። በመንገድ ዳር የኪሎ ሜትር ምልክት በተተከለበት ቦታ መኪናው በተመሳሳይ ፍጥነት አንድ ኪሎ ሜትር የሄደበት ጊዜ በሰከንድ ይያዛል፤ 3600 ለዚህ ቁጥር ሲካፈል እውነተኛው ፍጥነት ይገኛል። አንዱን ኪሎ ሜትር በ120 ሰከንድ የጨረሰ መኪና በ30፣ በ90 ሰከንድ የጨረሰ በ40፣ በ72 ሰከንድ የጨረሰ በ50፣ በ60 ሰከንድ የጨረሰ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተጉዟል።

ምን ያህል ልዩነት ይፈቀዳል ለሚለው ጥያቄ፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚታወቀው የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 39 ጥሩ መመዘኛ ይሆናል። በደንቡ መሠረት መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ቁጥር ፈጽሞ ማሳየት የለበትም፤ አብልጦ ሲያሳይም ልዩነቱ ከእውነተኛው ፍጥነት አንድ አሥረኛ ሲደመር 4 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም። መኪናው በ60 ሲሄድ 70፣ በ80 ሲሄድ 92 ድረስ ቢያሳይ ተቀባይነት አለው ማለት ነው። ደንቡ የወጣው ለአዲስ መኪኖች ቢሆንም በውስጡ ያለው ሐሳብ ለአሮጌዎቹም ይሠራል፦ ስህተት ካለ ወደ ጥንቃቄው ወገን ይሁን።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውና ሰነዱ

መለኪያ ሲተካ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አብሮ ይለወጣል። ከሌላ መኪና የመጣ መለኪያ የሌላ መኪና ቁጥር ይዞ ይመጣል። ስለሆነም ከመፍታት በፊት በአሮጌው ላይ ያለው ቁጥር፣ ከገጠማ በኋላ ደግሞ በአዲሱ ላይ ያለው ቁጥር በፎቶ ይያዙ። ሥራውን ያከናወነው ጋራዥ ቀኑን፣ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ሁለቱን ንባቦችና የቅያሬውን ምክንያት ጽፎ በማኅተሙ ቢያረጋግጥ ባለንብረቱን ወደፊት ከሚነሳ ጥያቄ ያድነዋል። ለተገዛው ዕቃ ደረሰኝ መጠየቅም የሸማች መብት ነው።

በቆዩ መኪኖች ላይ ቆጣሪው አምስት አኃዝ ብቻ ያለው በመሆኑ 99,999 ላይ ሲደርስ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል። በአሮጌ መኪና ላይ የሚታየው ዝቅተኛ ቁጥር ስለዚህ በራሱ ማስረጃ አይሆንም፤ ገዥዎች የመሪውን፣ የፔዳሎቹንና የመቀመጫውን ማለቅ ከቁጥሩ ጋር ቢያገናዝቡ ይጠቀማሉ። መኪናው ብዙ እንዳልተጓዘ ለማስመሰል ሆን ብሎ ቆጣሪን ወደኋላ መመለስና በዚያ ላይ ተመሥርቶ መሸጥ ግን የማታለል ተግባር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በማታለል የተገኘ የውል ስምምነት እንዲፈርስ ለመጠየቅ ያስችላል።

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ይደረግባቸዋል። ባለንብረቱ ለምርመራ ከመቅረቡ አስቀድሞ መለኪያውን ቢያስጠግን የቦሎ ሥራው አይጓተትበትም። ከመለኪያው ጋር ተያይዞ ሞተር ወይም ሻንሲ ተለውጦ ከሆነ ጉዳዩ የጥገና ብቻ አይደለም፤ በሊብሬው ላይ የሰፈረውን መረጃ የሚነካ ስለሆነ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። እስከዚያው መኪናው የግድ መንቀሳቀስ ካለበት ጉዞው አጭርና በቀን ብርሃን ይሁን፤ በዳሽቦርዱ ላይ በማያያዣ የተቀመጠ ስልክ ፍጥነትን እንዲያሳይ ማድረግ ጊዜያዊ መፍትሔ ይሆናል። የመለኪያው መበላሸት ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ለማሽከርከር ምክንያት ሆኖ አይቀርብም።

በእንጅባራ፣ በዳንግላና በሌሎች የዞኑ ከተሞችና ወረዳዎች የሚገኙ ባለንብረቶች ስለ ምርመራና ምዝገባ ማብራሪያ ሲፈልጉ በአቅራቢያቸው ወደሚገኘው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መቅረብ ይችላሉ። ሲቀርቡም ሊብሬውን፣ ያለፈውን ዓመት የምርመራ ማስረጃ፣ የጋራዡን ጽሑፍ፣ የዕቃውን ደረሰኝና የሁለቱን ንባቦች ፎቶ ይዘው ቢሄዱ ተመላልሰው ከመጉላላት ይድናሉ። የተነቀለውን አሮጌ መለኪያም ሳይጥሉ ቢያስቀምጡት መልካም ነው፤ ጥርሱ፣ ሞላው ወይም ፊቱ አንድ ቀን ለሌላ ጥገና ይፈለጋል።